የባለአክሲዮን ጽናት ለደከመ ማኅበር

ማኅበር በየዓመቱ ትርፍ ሲያከፋፍል ባለአክሲዮን መባል ክብር ነው። በጉባኤው ቀን ወንበሩ ሁሉ ይሞላል፤ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረውም ሰው ይጸጸታል። የባለአክሲዮን ጠባይ የሚለየው ግን ሒሳቡ ወደ ኪሳራ ባዘነበለ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ አንዱ ከጉባኤ ይቀራል፤ ሌላው አክሲዮኑን የሚገዛው ሰው ፍለጋ ይዞራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ይቀመጥና ዝምታውን ታማኝነት ብሎ ይጠራዋል።

ከእነዚህ ከሦስቱ ለማኅበሩ የሚጠቅመው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፤ መልሳችን አንዳቸውም አይጠቅሙም የሚል ነው። የሚጠቅመው አራተኛው ሰው ነው፤ እርሱም ጸንቶ የሚቆይ፣ ሒሳቡን አምጡ የሚል፣ ሒሳቡንም አይቶ ገንዘቡን የሚጨምር ነው። ለሐራ፣ ለመርሳና ለወልድያ ትንንሽ ማኅበራት ከእንዲህ ያለው ሰው የበለጠ የገንዘብ ምንጭ አይገኝም። ማኅበሩም ይህን ሰው የሚያጣው ስለ ከሰረ አይደለም፤ ኪሳራውን ስለ ሸሸገው ነው። ይህን አሳብ ከነምክንያቱ ለአንባብያን ለማቅረብ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ማኅበራቱ የደከሙበትን ምክንያት እንመልከት። ሐራ በስሟ ላይ ገበያ የሚለው ቃል ታክሎ ሐራ ገበያ የምትባል የንግድ ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የባቡር ሐዲድ ሥራ በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ አማካይነት ሲጀመር፤ ከሐራም ተነሥቶ ወደ መቀሌ የሚዘልቅ ሌላ መሥመር ሲታቀድ፤ ለአካባቢው ነጋዴ ታላቅ ተስፋ ታየው። ሐዲዱ ሲደርስ እህሉም፣ ከብቱም፣ ሸቀጡም በሐራ በኩል ያልፋል፤ መጋዘን ያስፈልጋል፤ ወፍጮ ያስፈልጋል፤ ማረፊያ ቤት ያስፈልጋል የሚለው አሳብ ከልክ ያለፈ ምኞት አልነበረም።

ዳሩ ግን በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ በዚህ ሐዲድ ላይ የጭነት ባቡር መመላለስ ገና አልጀመረም ነበር። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን አዳረሰ፤ ከተማይቱም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ቆየች። የንግድ ቤት ተዘረፈ፤ መጋዘን ባዶ ቀረ፤ መኪናና ሞተር ተነቅሎ ተወሰደ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድን አዘጋ፤ የነጋዴውንም ጉዞ አሰናከለ።

ከዚህም በላይ የገንዘብ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፤ ቀድሞ በባንክ 58 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ዋጋው 10,000 ዶላር የሆነ አንድ ሞተር ቀድሞ በ580,000 ብር ይገዛ እንደነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከ1,000,000 ብር በላይ እንደሚጠይቅ ማስላት አያስቸግርም። የአሮጌ መኪናውን ዋጋ በቀድሞው የግዢ ሒሳብ መዝግቦ የያዘ ማኅበር በመዝገብ ያተረፈ ቢመስልም፤ መኪናው በተሰበረ ቀን ምትኩን የሚገዛበት ገንዘብ እንደሌለው ይገለጥበታል።

ብድርም እንደ ልብ አይገኝም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም፤ ባንክ የሚያበድረው ገንዘብ ሲያጥረው መያዣው ለጠነከረ፣ ሒሳቡ ለታወቀ፣ ለባንኩም ቅርብ ለሆነ ትልቅ ነጋዴ ቅድሚያ መስጠቱ የታወቀ ነው። መጋዘኑ የተዘረፈበት የሐራ ትንሽ ማኅበር ለመያዣ ምን ያቀርባል?

በወሎ ምድር ደግሞ ስለ ሃይማኖቱ ከወለድ የሚርቅ ነጋዴ ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የባንክ አገልግሎት በአገራችን የመጀመሪያው ሆኖ መጀመሩ የዚህን ፍላጎት ስፋት ያሳያል። አክሲዮን ከዚህ ፍላጎት ጋር የሚስማማ ነው፤ ባለአክሲዮን ሲተርፍ ያተርፋል፤ ሲከስርም አብሮ ይከስራልና። አበዳሪ ግን ወፍጮው ቆመም ዞረም ቀኑን ጠብቆ ገንዘቡን ይጠይቃል። ለደከመ ማኅበር የባለአክሲዮን ገንዘብ ከብድር የሚሻልበት ምክንያት ይህ ነው፤ እስኪያገግም ድረስ ይታገሠዋል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፤ ሰው ስለ ምን አክሲዮንን ይፈራል? ፍርሃቱ መሠረት አለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግድም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ባንክ አነሳሽነት አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ብዙ ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ ግን ይህ ሥራ ቀረ፤ አክሲዮን የያዘውም ሰው በእጁ የቀረው ወረቀት ብቻ ሆነ። አባት ለልጁ፤ «ገንዘብህን በዐይንህ በምታየው ነገር ላይ አውል፤» ብሎ ቢመክር አይፈረድበትም።

የሆነ ሆኖ እምነቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ሲቋቋም፤ የግል ባንክ በአገሩ ከጠፋ 20 ዓመት ሊሞላው ነበር። እነዚያ ሰዎች ገንዘባቸውን ያወጡት ከፊታቸው የሚያዩት ምሳሌ ሳይኖራቸው ነው።

የሐበሻ ሲሚንቶ የአክሲዮን ማኅበር ነገር ደግሞ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ይህ ማኅበር ከ16,000 በላይ ባለአክሲዮኖችን አሰባስቦ ሳለ ፋብሪካውን ለመጨረስ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2012 የደቡብ አፍሪካው ፒፒሲ ኩባንያ 27 በመቶውን፤ የዚያው አገር የኢንዱስትሪ ልማት ኮርፖሬሽን 20 በመቶውን ያዙ። ፋብሪካው በሆለታ ተመርቆ የተከፈተው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያገሩ ባለአክሲዮን ጠበቀ፤ ሲሚንቶ ሳይመረት የሚከፋፈል ትርፍ የለምና። ከዚህ የምንማረው፤ ያገሬው ኪስ ባልበቃ ጊዜ የውጭ ገንዘብ እንደሚገባና ድርሻውንም እንደሚወስድ ነው። ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ለሐራ ወፍጮ ከደቡብ አፍሪካ ማንም አይመጣለትም። እዚህ ያለው ሰው ካላዳነው የሚያድነው የለም።

አክሲዮኑን ሸጦ ለመውጣት ለሚያስብም ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ይህ ለአገሪቱ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ የሚመዘገቡት ሒሳባቸው የተመረመረ፣ አቅማቸውም ያደገ ማኅበራት ናቸው። አርባ ሰው ተሰባስቦ ያቆመው የገጠር ከተማ ማኅበር አክሲዮን በዚያ አይገበያይም። ስለዚህ የሐራ ባለአክሲዮን ወድዶም ሆነ ሳይወድ ከማኅበሩ ጋር ይቆያል። ለእርሱ የቀረው ምርጫ ዝም ብሎ መቆየት ወይም እየሠሩ መቆየት ነው።

እየሠሩ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እናሳይ። ለምሳሌ ያህል አንድ የወፍጮ ማኅበር እንበል። 1,000 አክሲዮን አለው፤ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር፤ ዋናው ገንዘብ 1,000,000 ብር ነው። በልዩ ልዩ ምክንያት 600,000 ብር ጠፋበት። ስለዚህ ዕዳው ተቀንሶ የሚቀረው ሀብት 400,000 ብር ነው፤ የአንዱ አክሲዮን እውነተኛ ዋጋም 400 ብር ሆነ ማለት ነው። ማኅበሩ እንደገና እንዲነሣ ለሞተር ጥገናና ለእህል መግዣ 300,000 ብር ያስፈልገዋል። ዲሬክተሮቹ ጉባኤ ጠርተው፤ «እባካችሁ ማኅበራችንን እንርዳ፤ በ1,000 ብር ሒሳብ 300 አዲስ አክሲዮን እንሽጥ፤» ይላሉ። ግማሹ ሰው ይቀራል፤ የቀረው ግማሽ በፍቅር ይከፍላል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። የማኅበሩ ሀብት 700,000 ብር ሆነ፤ አክሲዮኑ 1,300 ነው፤ ሲካፈል ለአንዱ 538 ብር ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ታማኙ ሰው 1,000 ብር ከፍሎ 538 ብር የሚያወጣ አክሲዮን ያዘ፤ አንድ ሳንቲም ያላወጣውና ከጉባኤ የቀረው ሰው ግን አክሲዮኑ ከ400 ወደ 538 ብር ከፍ አለለት። ታማኝነት ተቀጣ፤ ስንፍና ተሸለመ። ይህ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደግመህ እርዳ ቢባል እንቢ ቢል ማን ይወቅሰዋል?

ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው። አስቀድሞ ጉባኤው ኪሳራውን በግልጽ ያምናል፤ ሕጉ በሚፈቅደው ሥርዓትም የእያንዳንዱን አክሲዮን ዋጋ ከ1,000 ወደ 400 ብር ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ በ400 ብር ሒሳብ 750 አዲስ አክሲዮን ያወጣል፤ ይህም 300,000 ብር ያመጣል። ጠቅላላው አክሲዮን 1,750፤ ሀብቱም 700,000 ብር ይሆናል፤ እያንዳንዱም በትክክል 400 ብር ያወጣል። አሮጌ ባለአክሲዮኖች አዲሱን አክሲዮን በድርሻቸው መጠን ለመግዛት ቀዳሚ መብት አላቸው። 100 አክሲዮን የነበረው ሰው 30,000 ብር ከጨመረ 75 አዲስ አክሲዮን አግኝቶ እንደ ቀድሞው ከማኅበሩ አንድ አሥረኛውን እንደያዘ ይኖራል። ካልጨመረ የቀድሞ አክሲዮኑ አይነካበትም፤ ድርሻው ግን ከ10 በመቶ ወደ 5.7 በመቶ ዝቅ ይላል። ማንም አልተበደለም፤ የከፈለው የከፈለበትን አገኘ።

ልብ ይሏል! በሁለቱም መንገድ ወደ ማኅበሩ የገባው ገንዘብ አንድ ዓይነት 300,000 ብር ነው። ልዩነቱ ኪሳራውን አስቀድሞ በማመንና ባለማመን ላይ ብቻ ነው። ኪሳራው ከታመነ ረጂው ይገኛል፤ ከተሸሸገ ግን የመጀመሪያው ረጂ የመጨረሻው ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለማኅበርም ይሠራል።

አስቸጋሪው ነገር ሒሳቡ አይደለም፤ ሒሳቡን መጠየቁ ነው። በትንሽ ከተማ ሥራ አስኪያጁ የአጎት ልጅ ነው፤ ገንዘብ ያዡ የልጅ ክርስትና አባት ነው፤ ወይም በመስጊድ አጠገብ ለአጠገብ የሚሰግዱት ጎረቤት ነው። «አያ፤ የዘንድሮው ሒሳብ ምን ላይ ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ «ሰረቅህ» ብሎ የመናገር ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሰው ይሉኝታ ይዞት ይቀራል። ሥራ አስኪያጁም ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ወዳጆቹን ማሳዘን ከብዶት፤ በሚቀጥለው ዓመት እናገግማለን በማለት ኪሳራውን ወደ ፊት ያሸጋግረዋል። ሁለቱም በደግነት ዝም ሲባባሉ ማኅበሩ በመካከላቸው ይሞታል።

ይህ ይሉኝታ ከባህላችን የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ዕድራችንን እንመልከት፤ ዳኛው በሕዝብ ፊት ገቢውንና ወጪውን ያስነብባል፤ አባሉ ይጠይቃል፤ ማንም አይቀየምም። እቁባችንም ጸሐፊና ዋስ ያለው ነው። አባቶቻችን የዝምድናን ክብር ጠብቀው የሒሳብን ሥርዓት አብረው ሲያስኬዱ ኖረዋል። ለድንኳንና ለድስት የምንጠይቀውን ሒሳብ ለወፍጮና ለመጋዘን መጠየቅ እንዴት ነውር ሊሆን ይችላል?

በሌላ በኩል፤ ጽናት ወሰን የለውም አንልም። ዋረን ባፌት የተባለው አሜሪካዊ ባለሀብት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1965 በርክሻየር ሃታዌይ የተባለውን የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ በእጁ አስገባ። ፋብሪካው የደከመ ነበር። ለ20 ዓመት ታገሠው፤ መጨረሻ ግን በ1985 የጨርቁን ሥራ ዘጋው። ማኅበሩን በስሙ አቆይቶ በሌሎች ሥራዎች ታላቅ ሀብት ያፈራበት ሰው እንኳ ያን ሥራ በጽናት ብቻ ሊያድነው አልቻለም። ገበያው የሸሸው ሥራ የባለቤቱ ፍቅር አያስነሣውም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመጨመር በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ማኅበሩ የደከመው ከውጭ በመጣበት መከራ ነው ወይስ ሥራው ራሱ የማያዋጣ ሆኖ ነው? ሞተሩ ስለ ተዘረፈ የቆመ ወፍጮ፤ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ የሚመለስበት ከሆነ፤ ይህ ሊረዳ የሚገባው ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መንገዱም ተከፍቶ ሳለ እህል የሚያመጣለት ሰው የጠፋ ወፍጮ ግን በአዲስ ገንዘብ አይድንም። ይህንንም ያረቀቁ ሰዎች ቀድመው አስበውበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከዋናው ገንዘብ ሦስት አራተኛው የጠፋ እንደ ሆነ፤ ዲሬክተሮቹ ሳይዘገዩ ጉባኤ ጠርተው ማኅበሩ ይቀጥል ወይስ ይፍረስ የሚለውን እንዲያስወስኑ ያዝዝ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 አዲስ የንግድ ሕግ ቢተካም የአሳቡ ጥቅም አላረጀም። በጊዜው በሥርዓት የፈረሰ ማኅበር ዕዳውን ከፍሎ ለአባላቱ የተረፈውን ይመልሳል፤ ስሙም አይጠፋም። ሳይፈርስ የበሰበሰ ማኅበር ግን በአገሩ ሁሉ አክሲዮን የሚለውን ቃል ያስጠላል።

«አንድ ጊዜ የጠፋን ገንዘብ በሌላ ገንዘብ መከተል ሞኝነት ነው፤» የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። አባባሉ እውነትነት አለው። የጠፋው ጠፍቷል፤ እርሱን ለማስመለስ ተብሎ አንድ ብር እንኳ መጨመር አይገባም። የሚመዘነው አዲሱ ብር ብቻ ነው፤ ይህ 30,000 ብር በዚህ ማኅበር ውስጥ ቢገባ ከሌላ ቦታ የተሻለ ይሠራል ወይ? መልሱ አዎን ከሆነ የትናንቱ ኪሳራ ሊያግደው አይገባም፤ መልሱ አይደለም ከሆነም የትናንቱ ፍቅር ሊያስገባው አይገባም።

በመጨረሻ ሊሠራ የሚችለውን እናመልክት። አንደኛ፤ በአክሲዮን ስም ቃል የገባውን ገንዘብ አሟልቶ ያልከፈለ ሰው አስቀድሞ ያን ይክፈል፤ ያልተከፈለ አክሲዮን ዕዳ ነውና። ሁለተኛ፤ የማኅበሩን ዕቃና አገልግሎት መግዛት የሚችል ባለአክሲዮን በዋጋና በጥራት እኩል እስከ ሆነ ድረስ ከማኅበሩ ይግዛ፤ በራሱ ወፍጮ የማያስፈጭ ሰው ሌላውን አስፈጭ ሊል አይችልም። ሦስተኛ፤ በየዓመቱ ከጉባኤው 15 ቀን በፊት የማኅበሩ ሀብት፣ ዕዳ፣ የዓመቱ ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ማንም ሊረዳው በሚችል አማርኛ፣ ለእያንዳንዱ ባለአክሲዮን ይሰጥ። አራተኛ፤ የንግድ ምክር ቤቶቻችን ሒሳብ አዋቂ ለመቅጠር አቅም ለሌላቸው ትንንሽ ማኅበራት ይህን አንድ ገጽ የሚያዘጋጅላቸውን ባለሙያ በጋራ የሚያገኙበትን መንገድ ቢያስቡ፤ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ በሆነ ነበር።

ሐራ የባቡር ፉጨት የምትሰማበት ቀን ሲመጣ፤ ያን ቀን የሚጠቀሙት በዚህ በክፉ ዘመን ሳይበተኑ የቆዩ ማኅበራት ናቸው። ሳይበተኑም የሚቆዩት አባሎቻቸው እውነቱን ሰምተው የወሰኑባቸው ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ ሎሚውን ቆጥሮ መያዝ አለበት። ስለዚህ የሰኔ መዝገብ ተዘግቶ የጉባኤው ጥሪ ሲደርሳችሁ፤ ከወንበራችሁ አትቅሩ፤ ሒሳቡንም አምጡ በሉ።